እየሳቀች ለጻፈች ሴት፦ ለአየርላንድ አሳታሚዎች፣ መጻሕፍት ሻጮችና የሽልማት ዳኞች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በአየርላንድ ለምትገኙ አሳታሚዎች፣ የመጻሕፍት መደብር ባለቤቶችና የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ዳኞች፤

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ደብሊን ውስጥ በሌሊት ጥበቃ ሥራ የሚተዳደር ኢትዮጵያዊ ነው። ወንድ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የምጽፍላችሁ እናንተ የሴቶች ብላችሁ ስለምትሸጧቸው ልብ ወለዶች ነውና። እነዚህን መጻሕፍት ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ፣ ደመወዝ ሲደርስም እየገዛሁ፣ በጥበቃ ክፍሌ ውስጥ እስኪነጋ ሳነብባቸው ዓመታት አልፈዋል። ለመክፈል ስቀርብ ሻጮቹ «ለባለቤትህ ነው?» ይሉኛል። ሳልጠይቃቸው የስጦታ መጠቅለያ የሚያወጡም አሉ። ባለቤቴ ልብ ወለድ አትወድም፤ የምታነበው የታሪክ መጽሐፍ ነው።

በአማርኛ የጻፍኩት በዚህ አገር የሚኖሩ ወገኖቼ ቀድመው እንዲያነቡት ስለፈለግሁ ነው። እንግሊዝኛውን ልጄ አሰናድታ ትልክላችኋለች። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጻሕፍቱ ውስጥ ላሉት የሴትና የወንድ ሥዕሎች ሁሉ፣ ማለት ሴት እንዲህ ናት ወንድ እንዲህ ነው ለሚሉት የተለመዱ አሳሳሎች፣ ጥብቅና ልቆም አልመጣሁም። አንዳንዶቹ እጅግ ያናድዱኛል፤ የትኞቹ እንደሆኑም ወረድ ብዬ እናገራለሁ። ነገር ግን ከሁሉ የከፋውን ፍረጃ ያገኘሁት በሽፋኑ፣ በመደርደሪያው አቀማመጥና በሽልማቱ ምድብ ላይ ነው። እነዚያን ደግሞ ደራሲዎቹ አይደሉም የሚወስኗቸው፤ እናንተ ናችሁ።

ከሌላ አገር የመጣ ሰው ለባለአገሩ ታሪኩን ሲተርክለት ድፍረት ነው። ሆኖም የአማርኛ አንባቢዎቼ ይህን ካላወቁ ነገሩ አይገባቸውምና ታገሡኝ። በ1937 የጸደቀው የአየርላንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ሴት በቤት ውስጥ በምትኖረው ሕይወት ለመንግሥት ድጋፍ እንደምትሰጥ ይናገራል። እናቶች በኢኮኖሚ ችግር ተገደው የቤት ኃላፊነታቸውን እስኪዘነጉ ድረስ ሥራ እንዳይወጡ መንግሥት ይጥራል ብሎም ያክላል። በማርች 2024 አንቀጹን ለመቀየር የቀረበው ሐሳብ በሕዝበ ውሳኔ በሰፊ ልዩነት ስለወደቀ ቃሉ ዛሬም በቦታው አለ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት ስታገባ ሥራዋን እንድትለቅ የሚያስገድደው ደንብ የተነሣው በ1973 ነው። ኤድና ኦብራይን በ1960 ስለ ሁለት የገጠር ልጃገረዶች የጻፈችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በሳንሱር ታግዶባታል። ፍቺን የሚከለክለው ሕግ እንዲነሣ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው በኖቬምበር 1995 ሲሆን፣ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ በሆነው ድምፅ ውስጥ የደጋፊና የተቃዋሚ ልዩነት 10 ሺህ እንኳ አልሞላም።

በዚያው በ1995 ማሪያን ኪዝ «ወተርሜሎን» የተባለውን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን አሳተመች። ክሌር የተባለችው ዋና ገጸ ባሕርይ ልጇን በወለደችበት ዕለት ባሏ ሌላ ሴት እንደያዘ ነግሯት ይሄዳል። እርሷም አራስ ልጇን ይዛ ከለንደን ደብሊን ወላጆቿ ቤት ትገባለች፤ ትጠጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሳደባለች፣ አንባቢውንም በሳቅ ትገድላለች። አገሩ ጋብቻ ይፍረስ አይፍረስ እያለ ሲከራከር ይህች ሴት ጋብቻ ሲፈርስ አልጋው ውስጥ፣ ጡቱ ላይ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚመስል ትናገር ነበር። ከፖለቲከኞቹ ንግግር ይልቅ የዚያን ዘመን አየርላንድ ለእኔ ያስረዳችኝ እርሷ ናት። መጽሐፉ ግን ቁም ነገር ተብሎ አልተደረደረም።

የክሌርን እናት ተመልከቱልኝ። የአየርላንድ እናት በቀልዱም በዘፈኑም የታወቀች ናት፤ ሻይ ታፈላለች፣ ድንች ትልጣለች፣ ለወንድ ልጇ ትሞታለች፣ ስለ ራሷ ምንም አትጠይቅም። ማሪያን ኪዝ ስለ ክሌር ቤተሰብ፣ ስለ ዋልሾች፣ በጻፈቻቸው ልብ ወለዶች የፈጠረቻት እናት ምግብ ማብሰል ትታለች። ቤተሰቡ የሚበላው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የሚሞቅ የፋብሪካ ምግብ ነው። ይህ ቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱ የሚያርፈው ሕገ መንግሥቱ ምድጃ አጠገብ ባቆማት ሴት ላይ ነው። የታወቀውን ሥዕል ወስዳ ከውስጡ አፈረሰችው። በ2000 በወጣው «ሱሺ ፎር ቢጊነርስ» ውስጥ ደግሞ ክሎዳ የምትባል ሴት አለች፤ መልከ መልካም ባል፣ ሁለት ልጆችና የተሰናዳ ቤት እያላት ከመሰልቸት የተነሣ ልትፈነዳ ደርሳለች። ይህችን ሴት መውደድ ያስቸግራል፤ የጓደኛዋን ወዳጅ ትነጥቃለችና። ቢሆንም ቤቷ የተሟላላት ሴት ደስተኛ ናት የሚለውን ተረት እንደ እርሷ አድርጎ ያጋለጠ ገጸ ባሕርይ ብዙ አላጋጠመኝም።

ሜቭ ቢንቺንም ላንሣ፤ በዚህ ጉዳይ ስለ እርሷ ሳይነገር የሚታለፍ ከሆነ ነውር ነው። በ1990 ያሳተመችው «ሰርክል ኦፍ ፍሬንድስ» በ1950ዎቹ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወደ ደብሊን ዩኒቨርሲቲ ስለምትሄድ ቤኒ ስለምትባል ልጅ ይተርካል። ቤኒ ትልቅ ሰውነት አላት። ተወዳጅ ልብ ወለድ እንዲህ ያለችውን ልጅ አቅጥኖ፣ ፀጉሯን አሠርቶ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ቆንጆ አድርጎ መሸኘት ይወዳል። ቢንቺ አላቀጠነቻትም። ጃክ የሚባለው መልከ መልካም ወጣት ከድቷት ሲያበቃ እንደገና ሲፈልጋት ቤኒ አልቀበልም ትላለች፤ መጽሐፉ የሚያልቀው እርሷ ያለ እርሱ መኖር እንደምትችል አውቃ ነው። በ1995 የወጣው ፊልም ግን ሁለቱን አስታርቆ አገናኛቸው። እንግዲህ ፍረዱ፤ የሴት ደስታ ወንዱን ማግኘት ነው የሚለውን ሥዕል ማን ጨመረው? ደራሲዋ ያወጣችውን ገበያው መልሶ አስገባው። ከዚያ በኋላ ሰዎች ፊልሙን አይተው መጽሐፉን ይንቃሉ።

አሁን ወደ ቂሜ ልምጣ። በእኛ አገር «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚሉት ክፉ ተረት አለ። ከእነዚህ ልብ ወለዶች ውስጥ ብዙዎቹ በሦስት መቶ ገጽ ሴቷን አስተምረው፣ አሠልጥነው፣ ከሱስ አውጥተው፣ የራሷን ሥራ አስከፍተው ሲያበቁ በመጨረሻዎቹ ሃያ ገጾች ይህንኑ ተረት ይደግሙታል። ክሌር እንኳ ባሏን በቃኝ ስትል ሌላ ቆንጆ፣ በዕድሜ የሚያንሳት ወንድ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። የሴሲሊያ አኸርን በ2004 የወጣ የመጀመሪያ መጽሐፍ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ባል ሞቶም ትእዛዝ ይሰጣል። ሟቹ ለሚስቱ ደብዳቤዎች ትቶላታል፤ እርሷም በየወሩ አንድ እየከፈተች ያላትን ታደርጋለች። በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች አልቅሰውበታል፤ እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሯል፣ ምን ልዋሽ። ግን እንባዬን ከጠረግሁ በኋላ መቃብር እንኳ የማያስቆመው የባል ሥልጣን ምን ዓይነት ፍቅር ነው ብዬ ነበር።

ከዚህ የበለጠ የሚከነክነኝ በሥራዋ ለመግፋት የምትፈልግ ሴት የምትቀጣው ቅጣት ነው። «ሱሺ ፎር ቢጊነርስ» ውስጥ ሊሳ የምትባል የመጽሔት አዘጋጅ አለች። ኒውዮርክ ትመደባለሁ ስትል ደብሊን ይልኳታል። ስልታም፣ ቀጭን፣ ስለታም ምላስ ያላት፣ ሥራዋን ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት ናት። አለቃዋን ለማጥመድ ትሞክራለች። እርሱ የሚሄደው ግን ከደጓ፣ በቦርሳዋ ውስጥ ለሰው ሁሉ መድኃኒትና መርፌ ክር ይዛ ከምትዞረው ከአሽሊንግ ጋር ነው። ደግ ሁኚ፣ ሰው አገልግዪ፣ ታገኛለሽ፤ አትሽቀዳደሚ። ሜቭ ቢንቺም ብትሆን ከዚህ ንጹሕ አይደለችም። የቤኒ ጓደኛ ናን ቆንጆ የድሃ ልጅ ናት፤ ከድህነቷ ለመውጣት ያላት ሀብት መልኳ ብቻ ነው። ሳይመን የሚባል የባላባት ልጅ አስረግዞ ይክዳታል፤ እርሷም እርግዝናውን በጃክ ላይ ታላክካለች። ቤኒን በማስተዋል የሳለች ብዕር ለናን ሲሆን ትጨክናለች። በ1950ዎቹ አየርላንድ ያላገባች ነፍሰ ጡር ልጅ ምን ይጠብቃት እንደነበር፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች ተዘግተው ያለ ደመወዝ ይሠሩባቸው ከነበሩት የመነኮሳቱ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች የመጨረሻው በር እስከ 1996 እንዳልተዘጋ ለሚያውቅ አንባቢ ናንን እንደ ሤረኛ ብቻ ማየት ያዳግተዋል።

ወንዶቹስ? ይህን ስል ወገኔን ለማስከበር እንዳይመስላችሁ። ከጋዜጣ ጀርባ ተደብቆ የሚያጉረመርም አባት፣ ካልሲውን የት እንዳስቀመጠ የማያውቅ ባል፣ አንደበቱ የጣፈጠ አታላይ፣ በመጨረሻም ዝምተኛና ትከሻ ሰፊ የሆነው አዳኝ። አራት ዓይነት ወንድ። ልጆቹን የሚያሳድግ፣ ሽንኩርት ሲከትፍ የሚያለቅስ፣ ደመወዙ ከሚስቱ የሚያንስ ሆኖ ግን የማያኮርፍ ወንድ በእነዚህ ገጾች ውስጥ እምብዛም አይኖርም። እንዲህ ያሉ ወንዶች በሥራ ቦታዬ ሞልተዋል።

ስለ እኛ፣ ማለት ስለ ስደተኞቹ፣ ብዙ አልልም። ባነበብኳቸው ብዙዎቹ መጻሕፍት ውስጥ የባዕድ አገር ሴት ከመጣች ወይ ልታጸዳ ወይ ሕፃን ልትይዝ ትመጣለች፤ ስሟ ከመጠራቱ በፊት ትወጣለች። ማሪያን ኪዝ በ2020 ባወጣችው «ግሮውን አፕስ» ፐርላ የምትባል ሶርያዊት ጥገኝነት ጠያቂ አስገብታለች። ጥገኝነት ጠያቂዎች ከ2000 ጀምሮ እንዲኖሩበት ስለተደረገው የመጠለያ ሥርዓት፣ የወር አበባ መጠበቂያ መግዣ ስለማጣት ተወዳጅ ልብ ወለድ ውስጥ ማንበቤ አስደስቶኛል። ሆኖም ፐርላ በአብዛኛው የምትታየው በአንዲት ደግ አየርላንዳዊት ዓይን ነው። እኛ ለሌላው ሰው ደግነት ማሳያ ከመሆን ወጥተን ደግሞ ስናማ፣ ስንቀና፣ ስንሳሳት የምንታይበት መጽሐፍ ይምጣ እላለሁ።

ይህን ሁሉ ከደራሲዎቹ ጋር እከራከርበታለሁ፤ ክርክሩ ግን እኩል ሜዳ ላይ አይደለም፤ ሜዳውን ያዘነበላችሁት እናንተ ናችሁ። የማሪያን ኪዝ «ዚስ ቻርሚንግ ማን» በ2008 ሲወጣ ስለ አንድ ተወዳጅ ፖለቲከኛና እርሱ ስላቆሰላቸው ሴቶች የሚተርክ መጽሐፍ ነበር። ድብደባውን፣ ማስፈራራቱን፣ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው እንኳ ሳይነጋገሩ የኖሩበትን ኀፍረት በዝርዝር ያሳያል። «ሬቸልስ ሆሊዴይ» ደግሞ ስለ ሱስ የተጻፈ ነው፤ ልጅቷ የማገገሚያ ማዕከሉን እንደ መዝናኛ ቦታ ቆጥራ ገብታ ቀስ በቀስ ራሷን የምታይበት ታሪክ ነው። ደራሲዋ ከአልኮል ሱስ ማገገሟን በአደባባይ ተናግራለች፤ የምታውቀውን ነው የጻፈችው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለዓመታት ሲቀመጥ የኖረው ታኮ ጫማ፣ የእጅ ቦርሳና የኮክቴል ብርጭቆ ከተሳለባቸው ሮዝ ሽፋኖች መካከል ነው። እናንተ ሽያጭ ፈልጋችሁ ቀላል አለበሳችሁት፤ ዳኞቹና ሐያስያኑ ልብሱን አይተው ቀላል ነው ብለው ፈረዱ። ከዚያ ለቀጣዩ መጽሐፍ አርታኢው አንባቢ የሚጠብቀው ሠርግ ነው ብሎ ሠርግ ይጠይቃል። በሽፋኑ የገባው ፍረጃ በዚህ መንገድ የመጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ይደርሳል።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። አገራችን ሴት ደራሲዎችን ታከብራለች፤ አን ኤንራይት በ2007፣ የቤልፋስቷ አና በርንስ በ2018 በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ልብ ወለድ የሚሰጠውን ታላቁን የቡከር ሽልማት ወስደዋል፤ ሳሊ ሩኒ ስለ ሁለት ወጣቶች ፍቅር በጻፈችው መጽሐፍ በዚሁ በ2018 የዓመቱን ልብ ወለድ ሽልማት አግኝታለች ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። እኔም ሦስቱንም አንብቤአለሁ፤ ይገባቸዋል። ይህንኑ ነው የምላችሁ። የፍቅር ታሪክ መሆኑ ካላስቀረው፣ ጸሐፊዋ ሴት መሆኗም ካላስቀረው፣ ማሪያን ኪዝን ከዚያ ምድብ አውጥቶ «ተወዳጅ» ወደሚባለው የሚወስዳት ምንድን ነው? እኔ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፤ ታስቃለች። ሴት ስትጽፍ ፊቷን ካጠቆረች ትሰማላችሁ፤ ከሳቀች ግን ወሬ ነው ትላላችሁ።

ሳቅ በራሱ ያዋርዳል እንዳትሉኝ ሮዲ ዶይል አለ። እርሱም የደብሊንን ቤተሰብ በስድብና በሳቅ የጻፈ ደራሲ ነው። በ1990 ባወጣው መጽሐፍ የአንዲት ያላገባች ልጅ እርግዝና ቤተሰቡን ሲያተራምስ እያሳየ በሳቅ አንጀታችንን አቁስሎናል። ስለ ሁለት ሥራ አጥ ወንዶችና ስለ ጥብስ መሸጫ መኪናቸው የጻፈው ልብ ወለድ በ1991 ለቡከር የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በ1993 ደግሞ በሌላ መጽሐፉ ሽልማቱን ወሰደ። እወደዋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የምናገረው። ግን በአባት አንደበት የተሳቀው ሳቅ ሥነ ጽሑፍ ሆኖ በእናትና በልጅ አንደበት ሲሳቅ ለባሕር ዳርቻ መዝናኛ የሚሆንበትን ሕግ ማን አወጣው? ማሪያን ኪዝ ራሷ በ2018 አንድ የእንግሊዝ የአስቂኝ ልብ ወለድ ሽልማት ከተመሠረተ ጀምሮ ካሸነፉት መካከል ሴቶቹ ሦስት ብቻ መሆናቸውን አንሥታ በአደባባይ ወቅሳለች።

ይህ የዛሬ ነገርም አይደለም። በ1991 በሦስት ትልልቅ ቅጾች የታተመው «ፊልድ ዴይ» የተባለው የአየርላንድ ጽሑፎች ስብስብ ሴቶችን ዘንግቶ በመውጣቱ ውዝግብ አስነሣ፤ ለሴቶች የተዘጋጁት አራተኛና አምስተኛ ቅጾች የደረሱት በ2002 ነው። በመጠጥ ቤቶቻችሁ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የአየርላንድ ደራሲዎች ሥዕል ለረጅም ጊዜ የወንዶች ብቻ ነበር። በ2015 ብሔራዊ ቴአትሩ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣውን የ1916 አመፅ መቶኛ ዓመት ለማክበር ካወጣቸው አሥር ተውኔቶች በሴት የተጻፈው አንድ ብቻ በመሆኑ የቴአትር ሴቶች አደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ ተደመጡም። የቴአትሩ ተቋም ሊለወጥ ከቻለ የመጽሐፍ ገበያው ለምን አይለወጥም?

እንደሚቻል ራሳችሁ አሳይታችኋል። ኤመር ማክላይሳትና ሣራ ብሪን በ2017 ስለ ሌላ አሽሊንግ የጻፉትን መጽሐፍ አስታውሱ። አሽሊንግ ከገጠር መጥታ ደብሊን የምትሠራ፣ ቁጥብ፣ ሁሉን ነገር አስቀድማ የምታሰናዳ ልጅ ናት፤ ጥንቅቅ ያለች የገጠር ልጅ የሚባለው ሥዕል ሆና ነው የተጀመረችው፤ መጀመሪያ በፌስቡክ የሚቀለድባት ዓይነት ሰው ነበረች። ደራሲዎቹ ግን ቀልዱን ይዘው ወደ ውስጧ ገቡ። ወዳጇ በቴኔሪፍ ጉዟቸው ያገባኛል ስትል ቀለበት ሳያወጣ ሲቀር ትታው ሄዳ የራሷን ኑሮ ትጀምራለች፤ አባቷም ይታመማሉ። እያሳቀ የታወቀውን ሥዕል ሰው ያደርገዋል። እኔ የምፈልገው ይህን ነው፤ ሥዕሉን ማጥፋት አይደለም፤ ጥንቅቅ ያለች ልጅም፣ ተቆጪ እናትም በምድር ላይ አሉና።

ስለዚህ ከአሳታሚዎች የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስለ ድብደባ፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ሐዘን የተጻፈን መጽሐፍ ይዘቱን የሚያውቅ ሠዓሊ ሽፋን ይሥራለት፤ ሠዓሊው መጽሐፉን ያንብበው። አርታኢዎችም ደራሲዋ ጀግናዋን ያለ ወንድ ልትሸኛት ስትፈልግ፣ ለሥራዋ የምትሮጠውንም ሴት ሳትቀጣ ልትተዋት ስትፈልግ እጇን አትያዙባት። ገበያው አይፈቅድም የምትሉት የቤኒ ታሪክ መጽሐፍ ሆኖ ባለቀበት አኳኋን በብዙ አገር ተሽጧል።

መጻሕፍት ሻጮችን የምለምነው ቀላል ነው። ኪዝን ከዶይል፣ ቢንቺን ከኤንራይት ጋር በፊደል ተራ ደርድሯቸው። ሴቶች ልጆቼ ብቻ ሳይሆኑ ጎረምሳው ወንድ ልጄም እጁን ሲዘረጋ ያገኛቸዋል፤ ሚስት ከማግባቱ በፊት ቢያነብባቸው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ለዳኞች። የዓመቱን ልብ ወለድና የዓመቱን ተወዳጅ ልብ ወለድ ለሁለት ከፍላችሁ መሸለማችሁን እቃወማለሁ። አንባቢ የወደደው መጽሐፍ ለምን ሌላ ወንበር ላይ ይቀመጣል? ምድቦቹን አንድ አድርጓቸው። ይህ አይሆንም ካላችሁ በመጪው ዓመት አንድ መጽሐፍ በየትኛው ምድብ እንደሚወዳደር የምትወስኑበትን መመዘኛ በጽሑፍ አውጡልን፤ ሳቅ ነጥብ የሚያስቀንስ ከሆነም በግልጽ ጻፉት፤ ደራሲዎቹም አንባቢዎቹም አውቀን እንከራከርበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛና አንባቢ፣ ደብሊን